የሽያጭ ገጽ፦ በፍኖተ ሰላም ለአነስተኛ ነጋዴዎች መዝገብ የማዘጋጀት ሥራ፣ ከሐምሌ 2017 እስከ ጥር 2018

ሐምሌ 2017፣ አዋጁ በጸደቀ ሰሞን

የገቢ ግብር ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ሐምሌ 10 ቀን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ያለው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ግብር ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» እያለ ነው። የሰው ሒሳብ በመሥራት ስለምተዳደር መልስ ይጠበቅብኛል፤ መልሱ ግን እንደየሰዉ ነው። ለደመወዝተኛው ቀንሷል። ለቸርቻሪው ደግሞ ግብሩ የሚሰላበት መንገድ ራሱ ተለውጧል። የጨመረበትም የቀነሰለትም ይኖራል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዓመቱን ሙሉ ስንት እንደሸጠ ሲታወቅ ብቻ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ደረጃው ሦስት ነበር። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ «ሐ»፣ ከዚያ እስከ 1,000,000 ብር ያለው «ለ»፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ «ሀ» ይባል ነበር። ድርጅት ከሆነ ሽያጩ ምንም ያህል ይሁን «ሀ» ነው። በአዲሱ «ሐ» ቀርቷል። ድንበሩ 2,000,000 ብር ሆነ፤ ከዚያ በታች ያለው ግለሰብ ነጋዴ «ለ»፣ ከዚያ በላይ ያለው «ሀ» ነው። የ«ለ» ግብር የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው፤ ሽያጩ ባደገ ቁጥር ምጣኔው ከ2 በመቶ እስከ 9 በመቶ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የመጣልኝ። ግብሩ ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከሽያጭ ላይ ከሆነ፣ ሽያጭ ያልሆነው ብር ሽያጭ ተብሎ እንዳይቆጠር የሚከላከል መዝገብ ያስፈልጋል። እዚህ ያለው ትንሽ ነጋዴ ደግሞ መዝገብ የለውም፤ ያለው የዱቤ ደብተር ብቻ ነው። ማንም በቀን ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ የሚሞላው አንድ ገጽ ለማዘጋጀት ቆረጥኩ። በወረቀት ነው የሚሆነው። በስልክ የሚሠራ መዝገብ ጥሩ ነበር፤ እኛ ጋ ግን መብራትም ኔትወርክም አብሮን የሚውለው አንዳንዴ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው መያዝ አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ የሚሠራ ግለሰብ ነጋዴ ግብሩን የሚከፍለው ለክልሉ ነው። ስለዚህ የፌዴራሉን አዋጅ አንብቦ መተው አይበቃም፤ የከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚሠራበትን የክልሉን ሕግና መመሪያም ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ማየት ግድ ነው።

ሐምሌ መገባደጃ

አራት ቤት ለመሞከር ተስማማ። አንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ እህልና በርበሬ ነጋዴ። ሥራቸው የማይመሳሰል እንዲሆን ፈልጌ ነው የመረጥኳቸው።

እሺ ያሰኘኋቸው በቀላሉ አይደለም። የሱቋ ባለቤት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ጽፌ ካስቀመጥኩት በራሴ ላይ መሰከርኩ ማለት አይደለም?» አሉኝ። ይህ ፍርሃት ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ ጎጃም ውስጥ ሥሩ ረጅም ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ያመፁት ከብሩ ይልቅ መሬቱ ሲለካና ሲጻፍ ርስታችን ይሄዳል ብለው ነው። መንግሥት ጦር ልኮ፣ በመጨረሻም ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንስቶ ነው ነገሩ የበረደው። የእህል ነጋዴው አባት ያን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ናቸው፤ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ሲያወሩት ዛሬ የሆነ ያስመስሉታል።

ለእትዬ የመለስኩላቸው ግን ይህን ነው። እርስዎ ባይጽፉም መጻፉ አይቀርም፤ የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲደረግ ገማቹ ሱቅ ደርሶ፣ መደርደሪያውን አይቶ፣ ጥቂት ጠይቆ ነበር የሚወስነው። ብዙ ሰው ግምቱ ሲመጣ «ይህን ያህል አልሸጥም» አለ። ስንት እንደሚሸጥ የሚያሳይ ወረቀት ግን በእጁ አልነበረም። ታክስ አስተዳደሩ በቂ መዝገብ ካላገኘ በግምት የመወሰን ሥልጣን በሕግ አለው። መዝገብ የሌለው ሰው የሚከራከረው በአፉ ብቻ ነው።

እትዬ ዝም ብለው ቆዩና «በል እንግዲያው ከልጄ ጋር አስተምረን» አሉ። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እውነተኛዋ መዝጋቢ እሷ ሆናለች።

ነሐሴ፣ ፍልሰታ

የመጀመሪያው ገጽ ተሠራ። ትልቁ ጥያቄ ከየት ወር ይጀምር የሚለው ነበር። ሁሉም ሰው ደብተር የሚገዛው ለመስከረም ነው፤ የግብር ዓመቱ ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። መስከረም ላይ የሚጀምር መዝገብ ሁለት ዓመት ላይ ተከፍሎ ግብር በሚታወቅበት ጊዜ ራስ ምታት ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ ሐምሌን አንደኛ ወር አድርጎ፣ ጳጉሜንን ለብቻዋ ሦስተኛ አድርጎ፣ ሰኔ ላይ ያልቃል። ያለፈውን ሐምሌ ከዱቤ ደብተራቸውና ከአቅራቢ ደረሰኝ እየለቃቀምን ሞላነው።

በገጹ ላይ ያሉት ዓምዶች አምስት ናቸው፦ ቀን፣ በእጅ የተሸጠ፣ በስልክና በባንክ የተሸጠ፣ በዱቤ የወጣ፣ የቀኑ ድምር። ግራ ጎኑ ላይ በወፍራም መስመር ተለይቶ «ሽያጭ ያልሆነ ገቢ» የሚል ሌላ ሠንጠረዥ አለ፤ እሱ ከድምሩ ውስጥ አይገባም።

ዱቤው ብዙ አነጋገረን። ዕቃው በወጣ ቀን ይጻፋል፣ ይደመራል። ገንዘቡ ሲከፈል ደግሞ እንደገና ሽያጭ ተብሎ አይጻፍም፤ የቀድሞው መስመር ላይ ክብ ይደረግበትና «ሽያጭ ያልሆነ ገቢ» በሚለው በኩል ይያዛል። ይህ ካልተለየ አንድ ኪሎ ስኳር ሁለት ጊዜ እንደተሸጠ ይቆጠራል። ገበሬው እህል እስኪያስገባ ድረስ ክረምቱን በዱቤ የሚኖርበት አገር ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ የተሰጠው ዱቤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው የሚመለሰው። በእትዬ ሱቅ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ወረቀቱ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በሁለት ፊት አትሞ በወፍራም ሽፋን ሰፋልን። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሳይጠየቅ በሸራ ለበደው፤ ያማረ ሆነ።

መስከረም

ከመስቀል በፊት የሁለት ወሩን ድምር አየን። ለሁሉም የምነግረው አንድ ቁጥር አለ። 2,000,000 ብር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 5,479 ብር ገደማ ይሆናል። በዓሉንና እሑዱን አውጥቶ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ በዓመት 300 ቀን የሚከፍት፣ በቀን 6,667 ብር ገደማ ነው። የቀን ሽያጩ ከዚህ በጣም የሚያንስ ሰው ያለጥርጥር «ለ» ነው። ለዚህ ቁጥር የሚጠጋ ሰው ግን በየወሩ መደመር አለበት።

ልብስ ሰፊው ከድንበሩ እጅግ ሩቅ ነው፤ ለሱ ገጹን ወደ ሳምንታዊ ቀነስነው። አልፎ አልፎ የሚሰፋ ሰው በየቀኑ ባዶ መስመር እያየ እንዲሰለች አልፈልግም።

ሸቀጣ ሸቀጡ ላይ ያየሁት ያሳስበኛል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና ብዙ ብር ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። ከ100 ብር ሽያጭ 4 ብር የሚያተርፍ ዕቃ ላይ ግብሩ በ2 በመቶ ቢሰላ እንኳ የትርፉ ግማሽ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ከ100 ብር የሚቀረው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፣ ምጣኔው ግን የዕቃውን ጠባይ አይቶ አይለይም፤ የሚያየው የሽያጩን መጠን ነው። ይህ በእኔ እምነት የአዲሱ አሠራር ከባዱ ጎን ነው፤ ትርፋቸው ቀጭን የሆነ ቸርቻሪዎች ይህን በቁጥር አስደግፈው ለሚመለከተው ማቅረብ አለባቸው። ለዚህም ሲባል ከገጹ ጀርባ የግዢ መዝገብ ጨመርኩ። ለ«ለ» ደረጃ ግብር ማስያ ባያገለግልም፣ ትርፉ ስንት እንደሆነ ማሳያ ሌላ መንገድ የለም።

የመስከረም ሁለተኛው ጉዳይ ስልክ ነው። እትዬ ጋ በቴሌብር የሚገባው ብር ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ ነው የሚገባው። ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ለእናታቸው መድኃኒት የላከው፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የጎረቤት አደራ፣ የሱቁ ሽያጭ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው ያለው። ከወራት በኋላ ዝርዝሩ ወጥቶ ሲታይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳቸው እትዬም አያስታውሱትም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ለሱቁ ሌላ ሲም ተከፈተ፤ የቤተሰብና የዕቁብ ገንዘብ በድሮው ቁጥር ቀረ። ወደ ሱቁ ቁጥር ተሳስቶ የገባ ካለ በዚያው ዕለት «ሽያጭ ያልሆነ ገቢ» ላይ የላኪው ማንነትና ምክንያቱ ይጻፋል። ለዕቁቡም የዕቁቡ ጸሐፊ በፈረመበት ወረቀት ዕጣው የወጣበት ቀን ተይዟል። ገንዘብ በስልክ የሚቀበል ትንሽ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ፣ ሁለቱን ቁጥር መለየቱን ቢወስድ ደስ ይለኛል።

እግረ መንገዴን፣ እትዬ ከጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ያከራያሉ። የቤት ኪራይ በሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ነው፣ ንግድ ደግሞ ሠንጠረዥ «ሐ»። ግብራቸው ለየብቻ የሚሰላ ስለሆነ የኪራዩን ብር ከሱቁ ገጽ አወጣነው። የሠንጠረዥ «ለ» እና የደረጃ «ለ» ፊደል መመሳሰል ሰውን ያደናግራል፤ አይገናኙም።

ጥቅምት

ዳቦ ቤቱ ላይ ሥራው ሌላ ነው። ሠራተኛ ስላለው ከደመወዝ ላይ ግብር ቀንሶ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ የማስገባት ግዴታ የባለቤቱ ነው። በአዲሱ አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። በአጭሩ ለማስላት ደመወዙን በምጣኔው አባዝቶ በየእርከኑ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 ወይም 2,050 ብር መቀነስ ይበቃል።

ጋጋሪው በወር 6,000 ብር ያገኛል። በድሮው 935 ብር ይቆረጥ ነበር፤ አሁን 700 ነው። ሻጯ 3,500 ብር ታገኛለች፤ ከ397.50 ወደ 225 ወርዷል። ዱቄት የሚያመላልሰው ልጅ 2,000 ብር ነው የሚከፈለው፤ ድሮ 157.50 ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን ምንም። ይህን በትልቁ ጽፌ ሠራተኞቹ ልብስ የሚቀይሩበት ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፣ ተቃውሞ አልነበረውም፤ እንዲያውም «ሻጯ በየወሩ 172 ብር ከ50 ሳንቲም የራሷ ሆኖ ሳለ እኔ ጋ ቢቀር በደል ነው» አለ። በሌላ ቤት ግን በድሮው ሠንጠረዥ እየተቆረጠበት ያለ ሠራተኛ እንዳለ ሰምቻለሁ። ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ የሚቆረጥበትን ራሱ አስልቶ ይመልከት። ወሩን 9,000 ብር የሚያገኝ አስተማሪ ዛሬ ግብሩ 1,400 ብር ነው፤ ድሮ 1,745 ነበር።

ጡረታው ከዚህ የተለየ ነው፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ብዙ አላቆየንም።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ

በርበሬው ገበያ መውጣት ጀመረ፤ የእህል ነጋዴው መዝገብም ትኩረት ጠየቀ። እኔም ከአራቱ ቤት ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለሱ ነው።

እህል ላይ 2,000,000 ብር ሩቅ አይደለም። ለስሌት ያህል አንድ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ቢባል፣ 200 ኩንታል ማለት ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ አራት ጊዜ ከጫነ ደረሰ። አራት ጭነት የሸጠ ሰው በሕጉ ዓይን «ሀ» ነው፣ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ይህን ለእህል ነጋዴው፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና «እኔ እኮ ጎተራዬ ባዶ ነው» አለ።

«ሀ» የሆነ ግለሰብ ግብሩ ከትርፉ ላይ በእርከን ይሰላል። ከዓመት ትርፉ 24,000 ብር ነፃ ነው፣ ከዚያ በ15፣ በ20፣ በ25፣ በ30 እያለ ከ168,000 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ ነው። ነገር ግን በአዲሱ አዋጅ የ«ሀ» ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ በታች መሆን የለበትም የሚል ዝቅተኛ አማራጭ ግብር ገብቷል። ቁጥሩን አስቀምጠን አየነው። 2,400,000 ብር ሸጦ 100,000 ብር ያተረፈ ነጋዴ፣ በእርከኑ ሲሰላ 14,800 ብር ነው የሚደርስበት። 2.5 በመቶው ግን 60,000 ብር ነው። የሚከፍለው ይህን ነው። ከትርፉ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ጋሼ ቁጥሩን ደጋግሞ አስደመረኝ።

ከዚያ የእሱን ሥራ አንድ በአንድ ለየነው፣ እዚህ ላይ ነው መዝገቡ ዋጋ ያገኘው። ጋሼ የሚነግደው ሁሉ የራሱ አይደለም። ከፊሉን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ጎተራ አስገብቶ፣ ዋጋ ሲያገኝ ይሸጣል። ሌላውን ግን የአዲስ አበባ ነጋዴ ገንዘብ እየላከለት ከገበሬው ሰብስቦ ይጭንለታል፤ ለሱ የሚተርፈው በኩንታል የተስማሙበት ኮሚሽን ነው። ሁለቱም ግን በአንድ የባንክ ሒሳብ ነው የሚያልፉት። የባንኩን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው የገባውን ሁሉ የጋሼ ሽያጭ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ለእህል ነጋዴው ለብቻው ሌላ ገጽ ሠራሁ። «የራሴ» እና «የሰው» የሚሉ ሁለት ወገን አለው። በ«የሰው» በኩል የላኪው ስም፣ ገንዘቡ የገባበት ቀን፣ የተገዛው ኩንታል፣ የተጫነበት ቀንና ታርጋ፣ የኮሚሽኑ ልክ ይጻፋል። ሽያጭ ተብሎ የሚደመረው ኮሚሽኑ ነው። መዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከላኪው ጋር የተጻፈ የውክልና ውል መኖር አለበት። በቃል የተደረገ ስምምነት በመካከላቸው ለዓመታት ሠርቷል፣ ተካክደውም አያውቁም፤ ለሦስተኛ ወገን ግን ማስረጃ አይሆንም። ጋሼ ይህን ለላኪው ለመንገር ተቸገረ፤ «አላመንከኝም ወይ» እንዳይለው ፈራ። በመጨረሻ ስልክ ደውሎ ሲነግረው ሰውየው የራሱ ሒሳብ ሠራተኛም ይህንኑ እየጠየቀው እንደነበር ነገረው። ውሉ ተፈረመ።

ታኅሣሥ 30፣ የመንፈቅ ድምር

የግብር ዓመቱ ግማሽ ዛሬ ነው። የአራቱንም ደመርን። ልብስ ሰፊው «ለ»፣ ምንም ጥያቄ የለውም። የእትዬ ሱቅም «ለ» ነው፤ ከዱቤ ተመላሹና ከዕቁቡ ብር ጋር ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ግን እንደ ትልቅ ሱቅ ይታይ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከድንበሩ በላይ ነው፤ ባለቤቱ ከወዲሁ የሒሳብ ባለሙያ ቀጥሯል፣ የእኔ ገጽ ለሱ ከእንግዲህ የቀን ማስታወሻ ብቻ ነው። ጋሼ የሰውን እህል ከራሱ ከለየ በኋላ ከድንበሩ በታች ነው፤ ነገር ግን የጤፉ ወቅት ገና ስላላለቀ በየወሩ እንከታተላለን። ካለፈ አለፈ ነው፤ ሳያውቅ ከሚያልፍ አውቆ ቢያልፍ ይሻለዋል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ሌሎች ሱቆች መዝገቡን ጠየቁ። ከማባዛታችን በፊት የመጨረሻ ገጽ ጨመርኩ፤ ውሳኔ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ። በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔም ካልተስማማ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚወስደው 30 ቀን አለው። ስለዚህ የገጹ የመጀመሪያ መስመር «ማስታወቂያው የደረሰኝ ቀን» የሚል ነው። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ መደርደሪያ ላይ ተጥሎ ቀኑ ያለፈበትን ሰው አውቃለሁ፤ ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ ጊዜው ግን አልጠበቀውም። የክልሉ ጽሕፈት ቤት የሚሠራበትን ቀን ልክ ከራሱ ከጽሕፈት ቤቱ አረጋግጦ እዚያው መጻፊያ ባዶ ቦታም አለ።

ከሽፋኑ ውስጥ ኪስ ተደርጓል፤ የአቅራቢ ደረሰኝ፣ የዕቁብ ወረቀት፣ የውክልና ውል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቅጂ እዚያ ይገባሉ። የኪሱ ሐሳብ የእትዬ ልጅ ነው።

አሁን የሚቀረው ሰኔ 30 ማታ የሚደረገው የዕቃ ቆጠራ ነው። ለሱ የሚሆን ቅጽ ግንቦት ላይ አዘጋጃለሁ፤ ሱቁ፣ ዳቦ ቤቱና እህል ቤቱ አንድ ዓይነት ቅጽ ስለማይበቃቸው ሦስት ለየብቻ ይሠራሉ። መዝገቡን የሚፈልግ የአካባቢው ነጋዴ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ናሙናው አለ፣ የወረቀቱን ብቻ ከፍሎ ይውሰድ።